እንጨቱ እርጥብ ነው?

ፈረስ ቤት ላይ ጀልባ የለም። ሐይቅም የለም። ደጋ ዳሞት ውስጥ ውሃ ማለት ወይ ክረምት ከሰማይ የሚወርደው ነው፣ ወይ እናቴ በእንስራ አዝላ ዳገቱን የምትወጣው። እኔ ራሴ ሐይቅ የሚባል ነገር ያየሁት በ2005 ዓ.ም. ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ስመደብ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በኮሶበር አድርጎ አውቶቡሱ ባሕር ዳር ሲገባ፣ "ይሄ ሁሉ ውሃ የማን ነው?" ብዬ አጠገቤ የተቀመጡትን ሴትዮ አስቄያለሁ።

ስለዚህ ከአሥር ዓመት በኋላ ከኦስሎ ደውዬ "አባባ፣ ጀልባ ልጠግን ነው" ስላቸው መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

"የማን ጀልባ?" አሉ ቆይተው።

"የጎረቤቴ።"

"እሱስ ምን ሆኖ ነው ራሱ የማይጠግናት?"

ጥያቄው ልክ ነው። ጎረቤቴ ከእኔ በታች ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ የ79 ዓመት ሰው ናቸው። ኖርዌጂያኖች አለቃቸውንም ሐኪማቸውንም "አንተ" ነው የሚሉት። እኔም በአፌ እንደዚያው እላቸዋለሁ፤ በልቤ ግን ጋሼ ናቸው፣ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ቀን የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ስለሆነ ማታ ሌላ ሽማግሌ ጋ መቀመጥ የሚያምረኝ ሰው አልነበርኩም። ግን ደረጃ ላይ በተገናኘን ቁጥር ቡና ጠጪ ይሉኛል፤ የእነሱን ቀጭን ቡና። አንድ ቀን ደግሞ እኔ ጀበናዬን ይዤ ወረድኩ። እንደዚህ ነው የተጀመረው።

ጀልባዋ የሟች ባለቤታቸው አባት የሠሯት ናት፤ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ መጨረሻ። አምስት ሜትር ገደማ ርዝመት፣ አንድ ሸራ፣ አንድ ጥንድ መቅዘፊያ። ሳንቃዎቿ ጎን ለጎን የተገጠሙ አይደሉም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲመታ አንዱ የሌላውን ጫፍ እንደሚያለብስ፣ የላይኛው ሳንቃ የታችኛውን ይደርባል፤ ድርቡ ላይ በመዳብ ምስማር ይያያዛል። የሰሜን ሰዎች እንደዚህ መሥራት ከጀመሩ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ይህን የጀልባ አሠራር የኖርዌይ፣ የስዊድን፣ የዴንማርክ፣ የፊንላንድና የአይስላንድ የጋራ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ቅርስ መሆኗን ግን ጋሼ ጓሮ በሰማያዊ ላስቲክ ተሸፍና ሦስት ክረምት የተኛችው ጀልባ የሰማች አትመስልም።

ሊያቃጥሏት ነበር። ሰኔ 16 ማታ እዚህ ሳንክትሃንስ ይባላል። ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው፤ በየባሕሩ ዳርቻ ትልቅ እሳት ይነዳል። እኛ አዲስ ዓመትን ቅዱስ ዮሐንስ እያልን በዋዜማው ችቦ እንደምናበራው በሉት፤ መጥምቁ አንድ ነው፣ ቀኑ ነው የተለያየው። ያረጀ የእንጨት ጀልባ እዚያ እሳት ላይ መጫን ድሮ የተለመደ ነገር ነበር። ለጀልባ ክፉ አሟሟት አይደለም፣ ይላሉ ጋሼ። በሰኔ 2015 ላስቲኩን ገፍፈን ተጎታች ላይ እንድንጭናት ጠሩኝ። ላስቲኩ ሲነሳ አንድ ሽታ መጣ፤ የደብር ግቢ ሽታ። መቅዘፊያው የሚያርፍባቸው ትንንሽ ካስማዎች ናቸው፤ ከጥድ የተሠሩ። እዚህ አገር ጥድ ቁጥቋጦ ነው፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንዳለው አይገዝፍም፤ ዘመዳሞች ግን ናቸው፣ ሽታቸው አንድ ነው።

"ለምን ታቃጥሏታላችሁ?" አልኳቸው።

እጃቸውን አሳዩኝ። ጣቶቻቸው በሪህ ተጣመዋል። "መጠገን ሁለት ሰው ይፈልጋል" አሉ።

"እኔ እይዝልዎታለሁ።"

"መያዝማ እኔም አያቅተኝ። የጠፋው የሚመታ ነው።"

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

አባባ ገበሬ ናቸው፤ ግን በመንደራችን ሞፈር የሚጠርብ፣ ቀንበር የሚያስተካክል፣ እርፍ የሚያበጅ ሲፈለግ ሰው የሚመጣው ወደ እኛ ግቢ ነው። የእኔ ሥራ መያዝ ነበር። ግንዱን ከወዲያኛው ጫፍ በሁለት እጄ አንቄ፣ አንድ እግሬን አስደግፌ፣ ሳልነቃነቅ። ለሴት ልጅ የሚሰጥ ሥራ ሆኖ አይደለም፤ ወንድሜ ገና ስላልደረሰ ነው። ወንድሜ ሲደርስ እኔ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። አንድ ቀን አባባ ውሃ ሊጠጡ ሲነሱ መጥረቢያውን አንስቼ እናቴ ከበር ላይ "ጣትሽን ቆርጠሽ ማን ሊያገባሽ ነው!" ብላ ጮኸችብኝ። አባባ ምንም አላሉም። መጥረቢያውን ተቀብለው ቀጠሉ። ያ ዝምታ ለብዙ ዓመታት አናዶኛል፤ የእናቴን ጩኸት ወዲያው ነው የረሳሁት።

እና እዚያ የጋሼ ጓሮ ቆሜ፣ በሃያ ስምንት ዓመቴ፣ መዶሻ የሚይዝ ሰው ጠፋ ሲባል "እኔ አለሁ" ማለት አፌ ላይ ከበደኝ። ብዬ ግን አልኩት።

በክረምቱ፣ ማለትም በእነሱ በጋ፣ መጀመሪያ የሠራነው መውጋት ነው። በቢላ ጫፍ እያንዳንዱን ሳንቃ ወጋ፣ ወጋ። ጤነኛ እንጨት ቢላውን ይመልሳል፤ የበሰበሰ እንደ ተቀቀለ ድንች ያስገባል። ያልጠበቅሁት ነገር፣ ጀልባ የሚያበሰብሰው ባሕር አይደለም። የባሕር ውሃ ጨው አለው፣ ሥጋ እንደሚያቆይ እንጨትንም ያቆያል። የሚያበሰብሰው ዝናብ ነው። የጋሼ ላስቲክ አንድ ቦታ ተቀዶ፣ የሦስት ዓመት ዝናብ ወለሉ ላይ ተኝቶ፣ ከአከርካሪዋ ጋር የሚያያዙትን የታችኞቹን ሁለት ሳንቃዎች በልቷቸዋል። ከአሥራ አራቱ የጎድን አጥንቶቿ ስድስቱ ተሰብረዋል። ደቀሉም፣ ሸራው የሚሰቀልበት ምሰሶ፣ ቁመቱን ሙሉ ተሰንጥቋል።

ይህን ሁሉ ለአባባ በየሳምንቱ እደውልና እነግራቸዋለሁ። ለደቀሉ መፍትሔ ነበራቸው፤ "እርጥብ ጠፍር ጠምጥመሽ እሰሪው፤ ሲደርቅ አንቆ ይይዘዋል።" የተሰነጠቀ ሞፈር እንደዚያ ነው የሚድነው። ለጋሼ ስተረጉምላቸው ሳቁ፤ ቆዳ ውሃ ሲነካው መልሶ ይላላል። ይህንንም ለአባባ ነገርኳቸው። "ታዲያ ውሃ ውስጥ ምን ልትሠሪ ገባሽ?" አሉኝ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ደወልኩና አሥራ አራተኛውን ክፍል ትረካዬን ቀጠልኩ። አዲስ የጎድን አጥንት ልንሠራ ነው፤ ቀጥ ያለ የኦክ እንጨት ገዝተናል፣ በእንፋሎት አለስልሰን እናጎብጠዋለን አልኳቸው። አባባ ይህን ያውቁታል፤ ዱላ በእሳት ለብለብ አድርገው ቅቤ ቀብተው ሲያቀኑ አይቻለሁ። "እንጨቱ እርጥብ ነው?" አሉኝ። ለመመለስ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ነገ እደውላለሁ ብዬ ተውኩት። ነገ የሥራ ተራዬ ነበር፤ ከነገ ወዲያም።

ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ተቋረጠ። የፈረስ ቤት ስልክም ዝም አለ። ያቺን በአማርኛ፣ ቀጥላ በእንግሊዝኛ ይቅርታ የምትጠይቅ የቴፕ ሴትዮ ታውቋታላችሁ። እኔ እሷን በቀን አራት ጊዜ አዳምጣታለሁ። ዜና አነባለሁ፤ የማውቃቸው የቦታ ስሞች የማላውቀው ዓይነት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብተዋል። ስለዚያ ወቅት ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ ቤተሰቡ እዚያ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ማታ ማታ ግን ወደ ጀልባዋ መሄድ ጀመርኩ። ጋሼ ምንም አይጠይቁኝም። የብርጭቆ ወረቀት ቆርጠው ያስቀምጡልኛል፣ እኔ እፈትጋለሁ።

በኅዳር ወደ አንድ የተከራየነው መጋዘን አስገባናትና ማጉበጡን ጀመርን። እቃው የአገሬን አረቄ አውጪዎች የሚያስቅ ነው፤ የሚፈላ ድስት፣ ከድስቱ የሚወጣ ቱቦ፣ ቱቦው የሚገባበት ረጅም የሳንቃ ሣጥን። እንጨቱ ሣጥኑ ውስጥ ይተኛል። ልማዱ ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በጓንት አውጥቶ፣ እየሮጡ፣ ሳይቀዘቅዝ ጀልባዋ ውስጥ አጉብጦ በሞርሳ ማሰር። ጊዜው የአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀጭ አለ። ሁለተኛው ቀጭ አለ። ሦስተኛውን ሰዓት ጨመርንለት፤ ቀጭ። አራተኛው ሲሰበር ተሰንጥሮ ጓንቴን ቀደደውና ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ለእንጨቱ አልነበረም።

ጋሼ አጠገቤ ተቀመጡና አንድ ነገር ተናዘዙ። እሳቸውም ጀልባ ሠርተው አያውቁም። ሁልጊዜ የሚሠሩት አማታቸው ነበሩ። "እኔ እይዝላቸው ነበር" አሉ።

ሁለት ያዦች! ግማሽ ዓመት ልንሞላ ነው፣ ሁለታችንም ሌላው ያውቃል ብለን።

ሳቁ ሲያልፍልን ነው የአባባ ጥያቄ የመጣልኝ። እንጨቱ እርጥብ ነው? እንጨቱ እርጥብ አልነበረም። ከሱቅ የገዛሁት፣ በፋብሪካ ምድጃ የደረቀ፣ ለጠረጴዛ የሚሆን ውብ ኦክ ነበር። የእንጨትን ጭረቶች አጣብቆ የሚይዘው ሊግኒን የሚባል ነገር ነው፤ እንጨቱ እርጥበት ካለው በሙቀት ይለሰልስና ጭረቶቹ ተንሸራተው ይጎብጣሉ፣ ሲቀዘቅዝ በዚያው ቅርጽ ይጸናል። በምድጃ ሙቀት አንዴ የደረቀ እንጨት ግን እንፋሎት ቢጠጣ እንኳ እንደ መጀመሪያው አይለሰልስም። አባባ ሊግኒንን አያውቁትም። ዱላ የሚቆርጡት ግን ሁልጊዜ ሊያቀኑት ባሰቡበት ሰሞን ነው፤ የደረቀ ዱላ ሰው ሲያመጣላቸው "ይህን ማገዶ አድርገው" ይሉታል። ይህንን አይቻለሁ። ሌላኛውን ጫፍ ይዤ።

ከከተማ ወጣ ብሎ ዛፍ የሚሰነጥቅ ሰውዬ አገኘንና በዚያው ሳምንት የተቆረጠ ኦክ ገዛን፤ ገና የሚያላቅስ። መጀመሪያ የወጣው እንደ ቆዳ ነበር። ጎብጦ፣ ጎብጦ፣ ሳንቃው ላይ ተኛ። ጋሼ ሞርሳውን አጠበቁ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ውጠን ቆየን፤ አልተሰበረም። ለአባባ ለመንገር ስልኬን አነሳሁ። የቴፕ ሴትዮዋ ይቅርታ ጠየቀችኝ።

በገና ሰሞን ጋሼ ኮንቲኪ ሙዚየም ወሰዱኝ፤ "የአገርሽ ሰው እዚያ አለ" ብለው። እንደ ቀልድ ነበር የወሰድኩት። ውስጥ ገብቼ ከፊቴ የቆመውን ሳይ ግን ባለሁበት ቀረሁ። ታንኳ ነው። ግዙፍ ታንኳ፤ 12 ሜትር፣ ሸራ ያለው፣ ጫፉና ጭራው ወደ ላይ የተቆለመመ፣ ከደንገል የታሰረ። ራ ሁለት ትባላለች። ደንገሉ የጣና ነው።

ታሪኩ ይኼ ነው። ቶር ሄየርዳል የሚባል ኖርዌጂያን የጥንት ሰዎች በደንገል መርከብ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ ነበር ብሎ ሊያሳይ ተነሳ። ደንገሉን ከጣና አስጭኖ፣ በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች እጅ ግብፅ ውስጥ ፒራሚዶቹ ሥር የመጀመሪያዋን ራ አሠራ። በ1969 እ.ኤ.አ. ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሳች፤ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ጭራዋ እየሰመጠ ሄዶ መሻገሪያው ሳይደርስ ተዋት። የጠፋው አንድ ገመድ ነበር። በግብፅ ሥዕሎች ላይ ከጭራው ጫፍ ወደ ወለሉ የሚወጠር ገመድ አለ፤ ጭራውን ለማሳመር የሚጎትት ብቻ መስሏቸው ተዉት። ለካ ጭራውን ከመስመጥ የሚይዘው እሱ ነው። በማግሥቱ ዓመት ከቦሊቪያው ቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ራ ሁለትን ሠሩ፤ ደንገሉ አሁንም የኢትዮጵያ። ከሳፊ ባርቤዶስ በ57 ቀን ገባች።

እኔ ባሕር ዳር ሳለሁ ታንኳ በየቀኑ አይቻለሁ። የነገደ ወይጦ ሽማግሌዎች ሐይቁ ዳር ደንገል ሲያስሩ፣ ውሃ የጠጣውን ታንኳ ዛፍ ላይ አቁመው በፀሐይ ሲያደርቁት እያየሁ ለፈተና ወደማጠናበት አልፋለሁ። የድህነት ምልክት ነበር የሚመስለኝ። ታንኳ የወራት ዕድሜ ነው ያለው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል። እዚህ አንዱ በመብራት ተከብቦ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ደርቆ ቆሟል። ጥበቃው ወደ ሌላ ሲዞር ጠጋ ብዬ አሸተትኩት። ምንም አይሸትም። አቧራ ብቻ።

ጋሼ ደግሞ ሁለት ጊዜ ዞሩት። መውጫው ላይ "ገመዱን የተወው ሰውዬ እኔን ይመስላል" አሉ።

የጥር ሥራ ምስማር ነው። አንዱ ጀልባዋ ውስጥ፣ አንዱ ውጭ ይሆናል። የመዳቡ ምስማር ከውጭ ሁለቱን ሳንቃ ያልፍና ውስጥ ብቅ ይላል፤ ሮንዴላ ይገባበታል፣ ትርፉ ይቆረጣል፣ ጫፉ በትንሽ መዶሻ ቀስ እየተባለ ሮንዴላው ላይ ይደፈጠጣል። የውጭኛው ሰው ከባድ ብረት ይዞ የምስማሩን ራስ መደገፍ አለበት። እሱ ካላላ ምስማሩ እንጨቱ ውስጥ ይጣመማል፤ ከላይ ሲታይ ያማረ፣ ከውስጥ የተሰበረ ይሆናል። ጋሼ ውጭ፣ እኔ ውስጥ። አንተያይም። "አሁን" እላለሁ። "አሁን" ይሉኛል። ልክ ሲሆን ድምፁ ይለወጣል፣ ድፍኑ ጠቅታ ወደ ጥርት ያለ ይሄዳል፤ የሚመታም የሚይዝም እኩል ይሰማዋል። 214 ምስማር መታሁ። ስንቱን አጣምሜ እንደነቀልኩ አልቆጠርኩም። እዚያ ውስጥ ተንበርክኬ ሳለሁ ከያዡ ሁሉንም የሚያውቀው እጁ እንደሆነ ደጋግሞ ይታወቀኛል፤ አባባ ግንዱ ሊሰነጠቅ ሲል ከእኔ ዓይን ነበር የሚያዩት፣ ምቱን ያቆሙት ነበር።

ከጥምቀት ማግሥት ስልኬ ጠራ፤ የማላውቀው ቁጥር። ወንድሜ ነው። ፍኖተ ሰላም ወርዷል፣ የሰው ስልክ ነው፣ ቶሎ ልንገርሽ አለ። ደኅና ናቸው። እናቴ ደኅና ናት። ላሟ ወልዳለች። ጎረቤታችን ግን... አለና ተወው። ከዚያ፣ "አባባ አንድ ነገር ጠይቃት ብሎኛል፣ ምን እንደሆነ አላውቅም" አለ።

"ምን?"

"እንጨቱ እርጥብ ነው ወይ በላት ብሎኛል።"

ስድስት ወር። "እርጥብ ነው በለው" አልኩት። ሌላ የተናገርኩትን አላስታውስም።

ቀሪውን ቶሎ ልለፈው። የበሰበሱትን ሳንቃዎች ቀየርን፣ ደቀሉን በኮላና በሽብልቅ አዳንነው፣ በጥድ ቅጥራንና በተልባ ዘይት ሦስት ዙር ቀባናት። አዎ፣ ተልባ፤ እናቴ በፍትፍት የምትበላውን እዚህ ጀልባ ይጠጣዋል። መጋዘኑ ለሳምንታት የጾም ቤት ሸተተ።

ግንቦት 24 ቀን 2016 ውሃ ላይ አወረድናት። በሃያ ደቂቃ ውስጥ እስከ መቀመጫዋ ሞላች። በየድርቡ ውሃው ይገባል፤ የሠራሁት ሁሉ ወንፊት ነው። ሰዎች ከመትከያው ላይ ሆነው በሐዘን ያዩኛል። ጋሼ ግን ገመዷን አጥብቀው አሰሩና "ተያት፤ ትጠጣ" አሉ። የደረቀ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲያብጥ ድርቡ ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር ይህንን አውቀው ነበር። ገበቴ ሲሰነጠቅ እናቴ ውሃ ሞልታ ታሳድረዋለች። የመጥረቢያ ዛቢያ ሲላላ አባባ ባልዲ ውስጥ ይነክሩታል። ማወቅና ጀልባህ ስትሰምጥ ቆሞ ማየት ግን ይለያያል። ሌሊቱን አልተኛሁም።

በሁለተኛው ቀን በባልዲ ጨለፍናት፤ እስከ ማታ ግማሽ ሞላች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሥራ በፊት ሄድኩ። ጋሼ ቀድመውኝ መትከያው ላይ በጉልበታቸው ተንበርክከው በጣታቸው እየለኩ ነው። ያን ሰሞን የፈረስ ቤት ስልክ አንዳንድ ቀን ይሠራል፤ ሞከርኩት። ጠራ። አባባ አነሱት።

"ዛቢያው ጠጣ?" አሉኝ፣ ሰላምታውን አሳጥረው።

"እየጠጣ ነው።"

"ሌሊት ስንት ጣት ገባባት?"

ጋሼን ጠየቅኳቸው። የተጣመመ አመልካች ጣታቸውንና አጠገቡ ያለውን አነሱ።

"ሁለት" አልኩ።

"ነገም ለኪና ደውዪልኝ።"

"ኔትወርክ ካለ።"

"ካለ" አሉ።